ከሌንሱ ፊት የቆመች መስታወት

ስለ ካሜራ ፊልተር ለፎቶ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች ቀለበት ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ላትታያችሁ ትችላለች፤ ብዙም አልቀረባችሁም። ክብ ብረት ናት፣ መሃሏ ላይ ስስ መስታወት አለ። በቃ።

የገዛኋት የመጀመሪያ ካሜራዬን በገዛሁ ቀን ነው። ሻጩ ካሜራውን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ "ፊልተርስ አትወስድም?" አለኝ። "ምን ያደርግልኛል?" አልኩት። "ሌንሱ ቢጫርብህስ?" አለ። አለቀ። ከካርቶኑ በቅጡ ያልወጣ ሌንስ ተጭሮ ታየኝ። የተጠየቅኩትን ከፍዬ ወጣሁ።

እስቲ እንዲህ የተባላችሁ እጃችሁን አውጡ። አይ! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ።

ቀለበቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌንሱ አልወረደችም። አንድ ምሽት ድልድይ ላነሳ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር መብራት ተደርድሯል፤ ከበላዩ ያለው ሰማይ ጥቁር ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አሰርኩ፣ ሹተሩን፣ የካሜራውን የብርሃን በር፣ ለስምንት ሰከንድ ከፈትኩ። ቤት ገብቼ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሳየው ሰማዩ ላይ ደብዘዝ ያሉ አረንጓዴ ነጥቦች ተሰልፈዋል። ሴንሰሩ፣ ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ የቆሸሸ መሰለኝ። ቆጠርኳቸው፤ አስራ አንድ ናቸው። የድልድዩን መብራቶች ቆጠርኩ፤ እነሱም አስራ አንድ። ነጥቦቹ የድልድዩ መብራቶች ነበሩ፣ ግን ተገልብጠው። ግራ ጥግ ታች ያለው መብራት፣ ነጥቡ ቀኝ ጥግ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመብራቱ ብርሃን በሌንሱ አልፎ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሴንሰር ደግሞ ያብረቀርቃል፤ ከደረሰው ብርሃን ጥቂቱን ይመልሳል። የተመለሰው ብርሃን በመጣበት በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ይህችን ጠፍጣፋ መስታወት ያገኛል። እሷም በተራዋ ጥቂቱን ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። ይሄኛው ነው ሴንሰሩ ላይ በተቃራኒው በኩል ነጥብ ሆኖ የሚቀረው። የሌንሱ የራሱ መስታወቶች ጎበጥ ያሉ ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ይበትኑታል። ፊልተር ግን ልክ እንደ መልክ ማያ መስታወት ጠፍጣፋ ነው፤ ቁልጭ አድርጎ ይመልሰዋል።

በማግስቱ ፊልተሩን ፈትቼ፣ እዚያው ቦታ ቆሜ፣ ያንኑ ፎቶ ደገምኩት። ነጥቦቹ የሉም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልተር ዋጋ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ መልሼ የምጠይቀው አለ። ይህ መስታወት ያለ እሱ የማታገኙትን ምን ይሰጣችኋል? መልሱ "ምንም" ከሆነ ርካሹም ውድ ነው። መልሱ "ብዙ" ከሆነ ደግሞ ርካሹን መግዛት ለሌንሱ የከፈላችሁትን ገንዘብ ማባከን ነው። ፊልተሩ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ወደ ሌንሱ የሚገባው ብርሃን ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በውዱና በርካሹ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት በዓይን የማይታይ ነገር ነው፦ ኮቲንግ፣ መስታወቱ ላይ የሚቀባው ስስ ሽፋን።

ምንም ያልተቀባ መስታወት ከእያንዳንዱ ፊቱ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ፊልተር ፊትና ጀርባ አለው፤ ስለዚህ 8 በመቶ ገደማ ሳይገባ ይቀራል። መቅረቱ አያሳስበኝም፤ ካሜራው ያካክሰዋል። የሚያሳስበኝ መስታወቱ ከሴንሰሩ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃንም በዚያው መጠን ወደ ውስጥ መመለሱ ነው። የድልድዬን ሰማይ ያበላሸው እሱ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ደግሞ ነጥብ እንኳን ሳይሠራ ፎቶው ላይ እንደ ጭጋግ ይነጠፋል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ እናንተ ደግሞ ሌንሱን ትወቅሳላችሁ።

ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዴኒስ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ የሌንስ ባለሙያ አንድ የማይመስል ነገር አስተዋለ። አርጅተው ፊታቸው የወየበ ሌንሶች ከአዳዲሶቹ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋሉ። ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያዝንበት ያ ወይባ ነጸብራቁን እየቀነሰው ነበር። ወይባውን ሆን ብሎ መሥራት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1935 ዛይስ በተባለው የጀርመን ሌንስ ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ መስታወትን የመቀባት ዘዴ ፈጥሮ አስመዘገበ። የሽፋኑ ውፍረት ከሚሊሜትር አስር ሺህ እጅ አንዱ ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል።

አንድ ሽፋን ብቻ የተቀባ መስታወት ከእያንዳንዱ ፊቱ የሚመልሰው ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል። ሽፋኑ ተደራራቢ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ይሆናል። የከፈላችሁት ገንዘብ ሄደ የምትሉት እዚህ ጋ ነው። ሳጥኑ ላይ "መልቲ ኮትድ" የሚለው ይህንኑ ነው። ሳጥን ደግሞ የፈለገውን ይላል።

ስለዚህ ሳጥኑን ተዉት። ፊልተሩን አውጡና ከመብራት ሥር ያዙት፤ አሁን እኔ እንደማደርገው። በመስታወቱ ውስጥ አሻግራችሁ አትዩ፤ መስታወቱ ላይ ያረፈውን የመብራቱን ምስል እዩ። ይህች የእኔዋ ናት። አምፖሉ ነጭ ሆኖ፣ ድምቅ ብሎ፣ ሁለት ቦታ ይታያል። አልተቀባችም። አሁን ይህን ሌላውን እዩ። አምፖሉ አለ፤ ግን ደብዝዟል፣ ወደ አረንጓዴና ሐምራዊ ያደላል። ይህ ተቀብቷል። አምስት ሰከንድ አልፈጀብንም። አስመስለው የተሠሩ ፊልተሮች ገበያው ላይ ሞልተዋል፤ የታወቀ ስም ለጥፈው ሿሿ ይሠሯችኋል። አብዛኞቹን ይህች የአምፖል ፈተና ታጋልጣቸዋለች። ቀጥሎ ፊልተሩን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኙት። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ወረቀትና ውጭ ያለው አንድ ዓይነት ነጭ መሆን አለባቸው። ቢጫ ካለ ፎቶዎቻችሁም ቢጫ ይላሉ።

እንግዲህ ዩቪ ፊልተር ይኸው ነው፤ ያ ሻጭ የሸጠልኝ። ስሙ ትልቅ ነው፦ አልትራቫዮሌት ይከላከላል። በፊልም ጊዜ ሥራ ነበረው። ፊልም ዓይናችን የማያየውን ያንን ብርሃን ያያል፤ ስለዚህ የሩቅ ተራራ ፎቶ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ይወጣ ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ከሴንሰሩ ፊት ይህን ብርሃን የሚያግድ መስታወት ከፋብሪካው ተገጥሞ ነው የሚመጣው። የሌንሱ መስታወትም የራሱን ድርሻ ያግዳል። ስለዚህ ዛሬ ዩቪ ፊልተር ስንገዛ የምንገዛው መከላከያ ነው። ይከላከላል ወይ? አዎና አይ።

ባህር ዳርቻ ጨው ያዘለ ውሃ ሲረጭ፣ ነፋስ አሸዋ ሲያመጣ፣ ብየዳ ስታነሱ፣ ጭቃ የሚረጭበት ውድድር ላይ ስትቆሙ፣ አዎ ግጠሙት። ውሃና አቧራ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ አንዳንድ ሌንሶችም፣ ለምሳሌ የካነን 17-40 ኤል፣ መከላከያቸው ሙሉ የሚሆነው ከፊት ፊልተር ሲገጠምላቸው ነው። እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ሌንስ ሲወድቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። "ፊልተሩ ተሰበረ፣ ሌንሴ ተረፈ" የሚል ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፊልተሩ የተሰበረው ስስ ስለሆነ ነው። የሌንሱ የፊት መስታወት ወፍራም ነው፤ ፊልተሩን የሰበረው ምት እሱን ላይነካው ይችል ነበር። የአንድ ጓደኛዬ ሌንስ ከጠረጴዛ ወድቆ ፊልተሩ ተፈረከሰ። ሌንሱ ላይ ከዚያ በፊት አንድም ጭረት አልነበረም። ጭረቱን ያመጣው ራሱ የተሰባበረው መስታወት ነው፤ ስብርባሪው ሌንሱን ሞረደው። ቀለበቱም ተጣሞ አልፈታ አለ። ከመውደቅ የሚያድን ነገር ከፈለጋችሁ ሁድ ግጠሙ፤ ያ ከሌንሱ ጫፍ ላይ የሚደረገው የፕላስቲክ ጥላ። ምቱን ይውጣል፣ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ይከለክላል፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ምንም አይነካም።

ጭረቱስ? ስትሰሙት ይደብራል፤ ፎቶው ላይ ግን የለም። ሌንሱ ፊት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ፎከስ ውስጥ ስለማትገባ አትታይም። ብርሃን በቀጥታ ካልመታት በቀር። ጓደኛዬ በዚያው ሌንስ ዛሬም ይሠራል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አንድ ፊልተር ብቻ ግዛ ብትሉኝ ፖላራይዘር ነው።

ብርሃን ሲጓዝ በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ውሃ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ ቅጠል ላይ ነጥሮ ሲመለስ ግን አብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል። ፖላራይዘር ያንን አንዱን አቅጣጫ ይዘጋዋል። ቀለበቱን ስታዞሩ የውሃው ፊት ላይ ያለው ጨረር ቀስ እያለ ይከስምና የታችኛው ጠጠር ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንደ ሕፃን ልጅ ቀለበቱን ሳዞር ነው የዋልኩት። እ.ኤ.አ. በ1808 ኤቲየን ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ የገጠመው ይኸው ነው። ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚያንጸባርቀውን ፀሐይ በክሪስታል ውስጥ እያየ ክሪስታሉን ሲያዞረው ነጸብራቁ ደበዘዘ። ለረጅም ጊዜ ይህን ለመሥራት ክሪስታል ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ስስ የፕላስቲክ ወረቀት የፈጠራ መብት ጠየቀ። ዛሬ በፊልተራችሁ ሁለት መስታወቶች መካከል የተጣበቀው የዚያ ዘር ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። ውሃን ቁልቁል ቀጥ ብላችሁ ብታዩት ብዙም አይሠራም። ከውሃው ላይ ከሚነሳው ቀጥ ያለ መስመር 53 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ስታዩት ነው ነጸብራቁ የሚጠፋው፤ ለመስታወት 56 ገደማ ነው። ሰማይን ለማጥቆር ደግሞ ፀሐይ በጎናችሁ ትሁን። በሌባ ጣታችሁ ፀሐይን ጠቁሙና አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጉ፤ ከዚያ እጃችሁን አዙሩ። አውራ ጣታችሁ የሚያሳያችሁ የሰማይ ክፍል ሁሉ ይጠቁራል። ፀሐይ ከፊታችሁ ወይም ከኋላችሁ ከሆነች አትድከሙ። በጣም ሰፊ ሌንስ፣ ብዙ ቦታ በአንዴ የሚያሳየው፣ ላይም ተጠንቀቁ፤ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጣ ብሎ ይቀራል። ብረት ላይ ደግሞ ፖላራይዘር አይሠራም። የመኪና መስኮት ላይ ያለውን ጨረር ያጠፋል፤ ኒኬል የተለበጠውን የመኪና ጌጥ አይነካውም።

ለምን ነው ይህን ሁሉ የማወራው? ይህን ሥራ ኮምፒውተር ላይ ማስመሰል ስለማይቻል ነው። በነጸብራቅ የተሸፈነ ጠጠር ፎቶው ውስጥ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር አይወጣም። "ያለ እሱ የማላገኘው ምንድን ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ይህ ፊልተር ሙሉ መልስ አለው።

ውዱን መግዛት የሚያዋጣውም እዚህ ነው። ፖላራይዘር አንድ መስታወት አይደለም፤ ወረቀቱ አለ፣ ማጣበቂያው አለ፣ ከፊትና ከኋላ መስታወት አለ። እያንዳንዱ የሚበላሽበት መንገድ አለው። ርካሹ ብርሃን ይበላል። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው፤ ጥሩ ፖላራይዘር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ሲወስድ፣ መጥፎው ሁለት ወስዶ ቀለሙንም ቢጫ ያደርግባችኋል። ማጣበቂያው ካልተስተካከለ ደግሞ ረጅም ሌንስ፣ ሩቁን የሚያቀርበው፣ ላይ ጉድ ይፈላል። 400 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ትንሽ ሞገድ ያለው መስታወት ፎቶውን ያልሰላ ያደርገዋል፤ ሰፊ ሌንስ ላይ ያው መስታወት ምንም አይመስልም። መፈተኛው ቀላል ነው። የኮምፒውተር ኤልሲዲ ስክሪን አብሩ፣ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ የፊልተሩን የፊት ገጽ ወደ ስክሪኑ አድርጋችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ መጥቆር አለበት። ጥሩው ከዳር እስከ ዳር እኩል ይጠቁራል። መጥፎው ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም አንድ ጎኑ ብቻ ይጠቁራል።

"ሰርኩላር" እና "ሊኒያር" የሚለው ግራ ያጋባችኋል። የፊልተሩ ቅርጽ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ውስጣቸው ባለ ምስል መላሽ መስታወት የሚሠሩት የድሮዎቹ ካሜራዎች፣ ዲኤስኤልአር የምንላቸው፣ ብርሃን የሚለኩበትና ፎከስ የሚያደርጉበት ክፍል በሊኒያር ይደናገራል። ሰርኩላሩ ከኋላው አንድ ተጨማሪ ሽፋን አለው፤ ያ ችግሩን ይፈታዋል። ገበያው ላይ ያለው በብዛት ሰርኩላር ስለሆነ እሱን ገዝታችሁ እርሱት።

ኤንዲ ፊልተር ቀጥሎ ይመጣል። ጥቁር መነጽር ማለት ነው፤ ብርሃን ይቀንሳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ፏፏቴው እንደ ሐር የሚፈስባቸው ፎቶዎች በእሱ ይነሳሉ። በቀን ብርሃን 1/125 ሰከንድ የሚፈልግ ፎቶ፣ ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ ስትገጥሙበት ስምንት ሰከንድ ይፈልጋል። ስያሜው ላይ ግን አምራቾቹ የተማከሩ አይመስሉም። አንዱ "ኤንዲ 8" ይላል፣ ሌላው "0.9"፣ ሦስተኛው "3 ስቶፕ"። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው! "ኤንዲ 1000" እና "3.0" ደግሞ ባለ 10 ስቶፑ ናቸው። ይህን ሳላውቅ 0.9 እና ኤንዲ 8 ገዝቼ፣ ሁለት የተለያየ ፊልተር አለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተሸክሜያቸው ዞሬያለሁ።

ኤንዲ ላይ ርካሹ የሚሸነፈው ቀለም ላይ ነው። የሚታየውን ብርሃን በደንብ ያጠቁርና ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለ ብርሃን ይለቀዋል። ካሜራው ደግሞ ትንሽ ያየዋል። ጥቁር ጨርቅ ቡናማ ይሆናል፣ ጥላው ሁሉ ቀላ ይላል። ባለ 3 ስቶፕ ከሆነ ችላ ይባላል፤ ባለ 10 ከሆነ ተስተካክሎ አያልቅም። ስለዚህ ቀላሉን ርካሽ፣ ጥቁሩን ጥሩ ግዙ። እየዞረ የሚጠቁረው፣ ቫሪያብል የሚባለው፣ ሁለት ፖላራይዘር ተደራርቦ የተሠራ ነው። ለቪዲዮ ይመቻል። እስከ መጨረሻው ስታጠቁሩት ግን ፎቶው ላይ ትልቅ ጥቁር የኤክስ ምልክት ይወጣል። ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው።

ባለ ቀለም ፊልተሮችን በፍጥነት ልለፋቸው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ካሊፎርኒያ ባለው ዮሰማይት ሸለቆ ውስጥ ሃፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ መጀመሪያ በቢጫ፣ ቀጥሎ በደማቅ ቀይ ፊልተር አነሳው፤ ቀዩ ሰማዩን አጠቆረለት። በጥቁርና ነጭ ፊልም ለምትሠሩ ዛሬም ያው ነው። ዲጂታል ለያዛችሁ ግን ፎቶውን በቀለም አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ታደርጉታላችሁ። ገንዘባችሁን ያዙ።

"እሺ፣ በመጨረሻ ስንት ላውጣ?" የሚል ፊት አያለሁ። ከመጨረሻው ርካሽ ወደ መካከለኛው ስትወጡ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ስትወጡ የምታገኙት ውሃ የማይዝ፣ በቀላሉ የሚጸዳ ሽፋን ነው፤ ከዚያ የናስ ቀለበት። ናስ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሌንሱ ላይ አይነክስም። ደስ ይላል፤ ፎቶው ላይ ግን አይታይም። እኔ መካከለኛውን እገዛለሁ። በአንድ ፊልተር ሌንሶቼን በሙሉ እሸፍናለሁ ደግሞ። ሌንሶቻችሁ ፊልተር የሚገጠምበት አፋቸው ስፋቱ 52፣ 67 እና 77 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ጥሩ ባለ 77 ግዙና ለትንንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ግጠሙ። ማስፊያው መስታወት የለውም፣ ርካሽ ነው። ችግሩ ሁዱ አለመግባቱ ነው፤ እኔ በእጄ እየጋረድኩ እገፋዋለሁ።

ከፊት የተቀመጠችው እህታችን እጇን ካወጣች ቆየች። ይቅርታ። ጥያቄዋ "ፊልተሩ ሌንሱ ላይ ተጣብቆ አልፈታ ቢለኝስ?" የሚል ነው። ሁላችሁም ጨብጣችሁ ነው የምታዞሩት አይደል? ስትጨብጡት ቀለበቱ ሞላላ ይሆንና ጭራሽ ይነክሳል። ጎማ ሶል ያለው ጫማ ፈልጉ፣ ሶሉን አጽዱ፣ የሌንሱን ፊት ሳትጫኑ ሶሉ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳርፉትና ሌንሱን አዙሩ። ጎማው ዙሪያውን እኩል ስለሚይዘው ይለቃል። ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት፤ በጉጠት አትታገሉት።

ሌላው ወንድማችን "ያችን የመጀመሪያዋን ዩቪህን ለምን እስካሁን ይዘሃት ትዞራለህ?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳሯን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብቼ መሃሏን ባዶ እተዋለሁ። ሰው ሳነሳ ፊቱ ጥርት ይልና ዙሪያው ሕልም ይመስላል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ዘዴ ነው። ሌንስ ላይ ቫዝሊን አይቀባም፤ እሷ ላይ ግን ምን ይሆናል? አሁንም ብትነኳት ትንሽ ታሟልጫለች።